ኩልፎ ዳር ያገኘሁት አድማጭ

ሥራዬ ትወና ነው፤ ዘፋኝነትም ይሞክረኛል። የመጀመሪያ አልበሜን አሳታሚ ስላጣሁለት በራሴ አወጣሁት። ሳይኬደሊክ ፖፕ የሚሉት፣ ቅዠት የሚመስል ሙዚቃ ነው፤ እናቴ እንኳ እስከ መጨረሻው አላዳመጠችውም።

በቀደም አርባ ምንጭ ሄጄ ኩልፎ ወንዝ ዳር ስዘዋወር፣ ከአንድ የሙዝ እርሻ ውስጥ የራሴ ድምፅ ሲያስተጋባ ሰማሁ። እንባዬ መጣ። ገብቼ ባለእርሻውን አዛውንት፣ «አባቴ፣ ዘፋኙ እኮ እኔ ነኝ!» አልኳቸው።

አገላብጠው ሳሙኝ።

«እግዜር ይስጥህ! ዝንጀሮ ሙዜን ጨርሶብኝ ነበር። ይሄን ስከፍትበት ግን እግሬ አውጪኝ ይላል።»

ለዘፈኔ ከልቡ ያመሰገነኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ሙዝ አሸክመው ሲሸኙኝ ግን ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

«ሁለተኛውን ቶሎ አውጣ እንጂ፤ ይሄኛውን ዝንጀሮዎቹ እየለመዱት ነው። ትናንት አንዷ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው።»