የጎልፉ ተረትና የአክስቴ ልጅ

ልጅ ሳለሁ አባዬ የጅብና የቀበሮ ተረት አውርቶልኝ አያውቅም። እሱ የሚያወራው የካናዳን ትልቁን የጎልፍ ውድድር ታሪክ ነበር። ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሰመር ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ውድድሩ ቶሮንቶ አካባቢ በሚደረግበት ሳምንት ግን ተመልካቾችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሜዳው ያመላልሳል። ታሪኩንም የለቀመው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሚያጫውቱት ሽማግሌ ተመልካቾች ነው።

የምንኖረው ቶሮንቶ ውስጥ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ ነበር። ሰመር ላይ ቤቱ ስለሚታፈን አመሻሽ ላይ ዶሮና በቆሎ ይዘን ከፎቆቹ ግርጌ ወዳለው ሸለቆ እንወርዳለን። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያው ነው፤ የየቤተሰቡ ከሰል ጭስ ዛፎቹ መሀል ዝቅ ብሎ ይተኛል። ዶሮው ተበልቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ አባዬ በቆሎውን እያገላበጠ ይጀምራል። ጎልፍ እንደ ገና ጨዋታ ነው፣ ኳሷን በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ማስገባት ነው፣ ግን ዱላሽን የሚመታብሽ ሰው የለም፣ የምትታገዪው ከራስሽ ጋር ነው ይል ነበር። ውድድሩ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ መጀመሪያ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች ዋንጫውን ተቀባበሉት፣ ቀጥሎ አሜሪካኖቹ ወሰዱት፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜም ተቋርጦ ነበር። የአገሬው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያሸንፍ አባዬ ራሱ እንኳ አልተወለደም ነበር፤ ያ አሸናፊም ቢሆን የተወለደው እንግሊዝ ነው። ከሁሉ የምወደው ግን የመጨረሻውን ነበር። አንድ የካናዳ ልጅ አገር ሙሉ እያየው ዋንጫው እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሌላው ይደርስበታል፤ እኩል ስለወጡ ለመለያ ተጨማሪ ጉድጓድ ይጫወታሉ፤ የልጁ ኳስ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ሲደርስ አባዬ ድምፁን ይቀንስና ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሳል።

ያኔ አማርኛው የሚገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር። የቀረውን እንደ ዜማ ነው የምሰማው፤ ድምፁ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። የምመልሰውም በእንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም ሲያወራ የሚያየው እኔን ነበር፤ ሌላ ልጅ አልነበረውም።

አስር ዓመት ሲሞላኝ የአባዬ እህት ከደሴ መጣች፤ ልጇን ሰሚራንም ይዛት መጣች። የሰሚራ አባት ወረቀቱ ስላላለቀለት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሰሚራ እኩያዬ ናት፤ አልጋዬ አጠገብ ፍራሽ ተነጠፈላት። መምጣቷም አልከፋኝም ነበር፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሸለቆው እስክንወርድ ድረስ። አባዬ ተረቱን ጀምሮ ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ሰሚራ «ከዚያስ አጎቴ?» አለችው።

እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ እንደዞረም ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን የማየው ከጎን፣ በጆሮው በኩል ነበር።

እንዴት እንደቀናሁ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይግላል። መሀላቸው ገብቼ እቀመጣለሁ፣ እሱ ግን በራሴ ላይ አሻግሮ ያወራላታል። መጨረሻው ላይ ከመድረሱ በፊት «አይ ኖው ዚስ ፓርት»፣ ይህን አውቀዋለሁ፣ እላለሁ፣ እናቴ ዝም በይ ትለኛለች። ደግሞም ውድድሩ የኔ አገር ውድድር ነው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ እሷ ገና የአውሮፕላኑ ድካም ያልለቀቃት ምን አገባት እያልኩ በውስጤ እሟገታለሁ።

ውድድሩ ሲቃረብ ለሹፌሮቹ በእረፍት ቀናቸው እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይዘው በነፃ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። አባዬ ይህን የነገረን ፍሙ ዳር ነው። ሁለታችንንም አየና ተረቱን አሳምራ ያወራችልኝን ይዤ እገባለሁ አለ። ለቀልድ ያህል ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ቀድሜ ተነሳሁ። ታሪኩን ከእሷ የበለጠ አውቀዋለሁ፤ ከላይብረሪ መጽሐፍ አውጥቼ በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን ቃሉ የለም። ስኮትላንዶቹን እንደምንም አለፍኳቸው፣ ጦርነቱ ላይ ተንተባተብኩ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ «ኳሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዋኘ» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳቀ።

ከዚያ ሰሚራ አወራች። ቀስ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ኳሱ ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አላቆመችም። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ በር ላይ ጠበቀችው፣ ምንም ሳትጠይቀው ጫማውን አወለቀችለት አለች። ማንም አልሳቀም። አክስቴ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች። አባዬም የያዘው በቆሎ አንድ ጎኑ እስኪያር ድረስ ማገላበጡን ረሳው።

ውሸት ነው ብዬ ጮኽኩ፤ እናቱን ማንም አላነሳም፣ መጽሐፉም ላይ የለችም።

«ተረት ነዋ፣ ሐያት» አለኝ አባዬ፣ አሁንም እሷን እያየ።

እሁድ ጠዋት አባዬና ሰሚራ ወደ ውድድሩ ሲሄዱ በረንዳ ላይ ቆሜ አየኋቸው። አባዬ መንገድ ሲያሻግራት እጇን ይዟት ነበር። ቀኑን ሙሉ እናቴ ያቀረበችልኝን አልበላሁም። ሲመለሱ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ሰሚራ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ፣ እንዳልተኛሁ እያወቀች፣ ትነግረኝ ጀመር። ተጫዋቹ ኳሱን ሊመታ ሲል ሜዳውን የሚያስተናብሩ ሽማግሌዎች ዝም በሉ ብለው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ይላል፤ ሕፃን እንኳ አያለቅስም፤ ወፍ ብቻ ይሰማል። ይህን ስትል እሷም ጸጥ አለች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መያዜን ያወቅሁት ደረቴን ሲያመኝ ነው።

በማግስቱ እናቴን ሰሚራ ያለችው «ለጥቂት ሳተ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። በሌላው ቀን «ገሰገሰ»ን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ የሰሚራን ዓረፍተ ነገሮች በራሷ አነጋገር፣ በዚያው የደሴ ቅላጼ፣ እደግማቸው ነበር። ላሸንፋት ነበር የምማረው። አባቷ መጥቶ ካልጋሪ በምትባል ሩቅ ከተማ ስራ ሲያገኝና ቤተሰቡ ሁሉ ወደዚያ ሲሄድ ግን ገና አልደረስኩባትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ስራ ይዤ ኤግሊንተን ዌስት በሚባል ሌላ ሰፈር ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ውድድሩ እዚሁ ቶሮንቶ ተደረገ። አባዬ ጡረታው ተቃርቦ ሳለም አውቶቡሱን አልተወም። እሁድ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን መጨረሻውን አይቼ እጄን አፌ ላይ እንደጫንኩ ስልኬ ጮኸ።

«ሰዉ ሁሉ ጮኸ» አለኝ አባዬ። «እኔ ያለሁት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ለሰሚራ ብደውል አታነሳም። ምን ሆነ? ሰዎቹ ሳይመጡብኝ ንገሪኝ።»

ለሰሚራ መጀመሪያ መደወሉ ወጋኝ፤ በዚያ ዕድሜዬ ወጋኝ። ግን ነገርኩት። አልቸኮልኩም። ሜዳው በዝናብ መራሱን፣ አንድ ሌላ የካናዳ ልጅና አንድ እንግሊዛዊ እኩል ወጥተው ጉድጓድ በጉድጓድ መያያዛቸውን፣ የልጁ ኳስ ከጉድጓዱ ባንዲራ በጣም ርቆ መቆሙን፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ የኳሱን መንገድ ማየቱን ነገርኩት። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። በስልኩ ውስጥ የአውቶቡሱ ዝናብ መጥረጊያ ይሰማኛል። ከዚያ ኳሱ ያን ሁሉ ሳር አቋርጦ ሲንከባለል፣ ጉድጓዱ አፍ ሲደርስ፣ ሲገባ፣ ልጁ አሸንፎ ዱላውን ወደ ሰማይ ሲወረውር ነገርኩት።

አባዬ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። «ጎበዝ ልጄ» አለኝ። «ልክ እንደ ሰሚራ አወራሽው።»

ሰዎቹ መጡ ብሎ ዘጋው። ከእሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው፤ ያለኝ አማርኛ ሁሉ ከእሷ አፍ የለቀምኩት ነው። አንድ ቀን ግን ስሟን ሳያነሳ ቢያመሰግነኝ ብዬ ዛሬም እመኛለሁ።