ሰርጉ እስኪያልፍ

እብጠቷን ያገኘኋት ገላዬን ስታጠብ ነው፤ በግራ ጡቴ ጎን፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብላ። የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። አታምም። ስነካት አትሸሽም። ደቡብ ሱዳን በተገነጠለ በዓመቱ ነው፤ ካርቱም ውስጥ ቡሪ በሚባል ሰፈር፣ ከልጄ ከየሺና ከልጅ ልጄ ከቤዛ ጋር እኖር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ፤ የደንበኛዬን ወተት እንኳ ሳልቀምስ አልቀበልም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስለኛል። ያን ሰሞን የተሸከምኩትን የውሃ ባልዲ ጠረጠርኩ፣ የተኛሁበትን ጎን ጠረጠርኩ፣ «አማረብሽ» ያለችኝን ጎረቤት ጠረጠርኩ። እብጠቷን ብቻ አልጠረጠርኳትም።

ክንዴ ከብዶኝ ፀጉሬን ማበጠር ሲያቅተኝ የሺ ነቃችብኝ። ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱኝ። አስተርጓሚዬ ቤዛ ነበረች። ካርቱም ተወልዳ ስላደገች ከአማርኛው አረብኛው ይቀላታል፤ እኔንም እንደ ሱዳን ልጆች «ሐቦባ» ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። የእኔ አረብኛ ከቲማቲምና ከሥጋ ብዙ አይርቅም። ዶክተሯ ማሞግራሙንና አልትራሳውንዱን እያየች ረጅም ነገር ተናገረች። ቤዛ አሳጠረችው።

«ሐቦባ፣ ትንሽ እብጠት ናት አለች። ባዮፕሲ የሚሉት አለ፣ በመርፌ ትንሽ ወስደው ያዩታል። ኻላስ፣ በቃ።»

ያ ሁሉ ንግግር ይህቺው ብቻ?  ቤዛ ቀጥላ «እናትሽ በምን ሞተች ትልሻለች» አለችኝ።

«በሰው ዓይን» አልኳት።

በአረብኛ እንዴት አድርጋ እንዳለችው አላውቅም። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ አየች። እኔን አይደለም። ቤዛን።

ውጤቱ መጣ፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። በእኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም፣ ይሸሸጋል። ቤቱ ግን ተለወጠ። ከየሺ ጋር በወጥ ጨው እንኳ ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ አሁን የምለውን ሁሉ «እሺ እማዬ» ትላለች። ጠብ የጠፋበት ቤት እንዴት እንደሚያስፈራ የደረሰበት ያውቀዋል። ስገባ ስልክ ይዘጋል። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ያሉ ዘመዶች በዓል ሳይኖር እየመጡ ጉልበቴን ይስማሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሺ ማድ ቤት ውስጥ ቤዛን ስትቆጣ ሰማሁ፦ «ሰርጉ እስኪያልፍ አልኩሽ! ከዚያ በፊት አይሆንም!»

ቤዛን የጠየቀ ልጅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ ተብሏል። ሽማግሌ ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል። «ዘራቸው በሽታ አለበት» የተባለ ቤት ሴት ልጁ ቆማ ትቀራለች። ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። አፍረውብኛል። እስኪድሩ ሊሸሽጉኝ ነው። በእጄ ያሳደግኳት ልጅ። በእጄ ያሳደግኳት የልጅ ልጅ። «ቀላል ኦፕራሲዮን ናት» ሲሉኝ አልሄድም አልኩ። ለሚሞት ሰው ቢላ ምን ያደርግለታል? እህል አልወርድ አለኝ።

የሺ ሥራ፣ ቤዛ ትምህርት ቤት ሳሉ በባለሦስት እግሯ ራክሻ ብቻዬን ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ።

«ያ ዶክቶራ፣ ሞት ወላ ሐያት?» አልኳት፤ ሞት ነው ወይስ ሕይወት ማለቴ ነው።

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። የሚገባኝን ቃል እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ሐቦባ፣ ካንሰር ነው። ብዙ አልተስፋፋም። እናወጣዋለን፣ ከዚያ ኬሞቴራፒ ትወስጃለሽ። ኢንሻላህ ትድኛለሽ። እኔን ያስጨነቀችኝ ልጅቷ ናት።»

«የትኛዋ?»

«ቤዛ። ይህ በሽታ አንዳንዴ በዘር ይመጣል። እሷም እናቷም መታየት አለባቸው። ልጅቷ ፈቅዳለች፤ እናቷ ናት ሰርጉ እስኪያልፍ ብላ የከለከለቻት። እስቲ ንገሪኝ፣ እናትሽ ጡቷ ላይ ቁስል ነበራት?»

ነበራት። ልጅ ነበርኩ። ደረቷን በጨርቅ ጠቅልላ ትተኛ ነበር። ዝንብ እሽ እል ነበር። ሽታውን አልረሳሁትም። አንዲት ጎረቤታችን በላቻት ተባለ። ቡዳ ናት ተባለ። ያቺ ሴት እስክትሞት ድረስ እሳት የሚያጭራት አልነበረም። «ያው በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አለች ዶክተሯ። አለቀስኩ። ለእናቴ አለቀስኩ፣ ለዚያች ሴትዮም አለቀስኩ። ከዚያ ቤዛ ትዝ አለችኝ፤ እንባዬን ጠርጌ ተነሣሁ።

ቤት ገብቼ ቤዛ ትመርመር ስላት የሺ እንደኔው አለቀሰች። «እማዬ፣ አንድ ቃል ከወጣ እኮ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ልጄ ቆማ ትቅር ነው የምትይው?»

«ቆማ ትቅር። ትኑርልኝ እንጂ።»

በዘሬ እኮራለሁ፣ አልዋሽም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ትልቅ ሰው ነሽና ቁጠሪ ተባልኩ፤ ቄሱን፣ ዳኛውን፣ በደግነቱ ስሙ የሚጠራውን አያቴን አንድም ሳላስቀር ቆጠርኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ «እናቴን የገደላት የጡት ካንሰር ነው፤ እኔንም ይዞኛል» አልኩ። «ልጅቷ ትመረመራለች። ውጤቷን ሰምታችሁ ወይ ትመለሳላችሁ ወይ ትቀራላችሁ።» የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እግዜር ይማርዎ፣ እንመካከርበታለን» ብለው ወጡ። ይህ ቃል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቤዛ ሸኝታቸው ተመለሰችና ጭኔ ላይ ተደፋች። «ማሌሽ ሐቦባ፣ ይቅርታ፣ እንዳትፈሪብኝ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አለችኝ።

ማስቴክቶሚ ነው የሠሩልኝ። ጡቴ ሄደ። ከብብቴ ሊምፍ ኖድ የሚሉትን እጢ አወጡ። ስነቃ አፌ ደርቋል። ደረቴን አላየሁም። ለማየት አልደፈርኩም።

እዚያው ሆስፒታል ተኝቼ ቤዛን የጠየቀው ልጅ እናት መጣች። ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረኝ አይታ ለሽማግሌዎቹ ልትነግር ነው ብዬ ዓይን ዓይኗን አየኋት። የሺንና ቤዛን ከክፍሉ አስወጣች። በሩን ዘጋች።

«እትዬ፣ ማንም አይስማ» አለችኝ። እጄን ይዛ በነጠላዋ ሥር አስገባችው። ጠንካራ ነበር። ከእኔው ይበልጥ ነበር። «ከጥምቀት ጀምሮ ነው። ልጄን ድሬ ልታከም ብዬ ነው። ያቺን ዶክተር ታሳዪኝ?»

ለየሺ ነገርኳት፤ በማግስቱ ራሷ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ኬሞቴራፒው ከኦፕራሲዮኑ ይከብዳል፤ ውሃው ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል፣ ጥፍሬ ጠቆረ፣ ፀጉሬ በትራሱ ላይ ሲቀር ቤዛ ላጨችኝና «ሐቦባ፣ መነኩሴ ሆንሽ እኮ» ብላ አሳቀችኝ፤ ክንዴም ደርቆ እንዳይቀር ዶክተሯ ባዘዘችኝ መሠረት ጣቶቼን በግድግዳው ላይ እያራመድኩ በየቀኑ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ ሳደርጋቸው ከረምኩ። ቤዛም የሺም ተመርምረው ምንም አልተገኘባቸውም፤ በየዓመቱ ግን ይታያሉ። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፣ ሰርጉም ሆነ። የልጁ እናት ሰርጉን አየች። በጣም ዘግይታ ነበርና የልጅ ልጇን ለማየት አልበቃችም።

ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ እኔን ቁጭ ብላ ያነጋገረችኝን ዶክተርም እግዜር ያክብርልኝ። ይህን ለምታነቡና እብጠት ላገኛችሁ እህቶቼ፦ ሳታማችሁ ሂዱ፣ «አታምም» ብላችሁ አትተዉአት። ሕመሟን ለበሽተኛዋ ንገሯት፤ ካልነገራችኋት የምታስበው ከእውነቱ ይከፋል። የሸሸጉት በሽታ መድኃኒት እንደሌለው አይቻለሁ። ቤዛ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ነፍስ ስታውቅ የእኔንም የአባቷን እናትም በሽታ በስሙ ጠርታ እንድትነግራት ቤዛን አስምያታለሁ።