«ተመስገን» የሸፈነው ሕመም

ሕመሙ የጀመረው ከወገብ ነው። አባቴ የውቂያ ድካም መስሏቸው በቅቤ አሳሹት። እህሉ ጎተራ ገብቶም አልለቀቃቸው፤ ይባስ ብሎ ወደ እግራቸው ወረደ። ከቋሪት እኔ ወደማስተምርበት ፍኖተ ሰላም አምጥቼ አስመረመርኳቸው፤ ከዚያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላክን። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ፕሮስቴት ካንሰር ነው። አከርካሪያቸውን ይዞታል። ማዳን ባንችልም ሕመሙን ማስታገስ እንችላለን» አለኝ።

መርፌና ሞርፊን የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ታዘዘላቸው። ወደ ቋሪት ሲመለሱ፣ አገራቸው ሩቅ ስለሆነ የሆስፒታሉ ነርስ በሞባይል እየደወለች ሕመሙን በቁጥር ልትጠይቅ፣ ሐኪሙን አማክራም መጠኑን ልታስተካክል ተስማማን። ዜሮ ሕመም የለም ማለት ነው፤ ዐሥር ደግሞ የማይቻል።

የአባቴ መልስ ሁልጊዜ «አንድ» ሆነ። እኔን ግን ዕረፍት ነሳኝ። እያስተማርኩ ስልኬን እዳብሳለሁ፣ ጠመኔውን ጥዬ ወጥቼ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ» ይሉኛል። ድምፃቸው ይቆራረጣል። ኔትወርኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ቅዳሜ ሳልነግራቸው ቋሪት ሄድኩ። መደቡን ተደግፈው ተንበርክከዋል። መተኛት አይችሉም። መቀመጥ አይችሉም። ጋቢያቸውን ነክሰዋል። ነርሷ ደወለች። ጋቢውን ከአፋቸው አወጡና፣ «ኧረ ተመስገን ነው፣ የኔ ልጅ! ካልሽስ አንድ በይው» አሏት።

ተናደድኩ። «ምነው አባዬ፣ ይሄ አንድ ነው?»

«ሰው እንዴት አደሩ ሲል ተመስገን ነው እንጂ! በሰው ልጅ ጆሮ በሽታዬን ልዘርግፍ? ፈጣሪስ ምን ይለኛል?»

ስልኩን ተቀብዬ ያየሁትን ነገርኳት። «እንግዲያው አናስወራቸው። ሲብስባቸው ላንቺ ሚስኮል ያድርጉ፤ አንቺ ለእኔ ትደውያለሽ» አለች። ሚስኮል ማማረር አይደለማ! አባቴም «ይህስ ደግ» ብለው ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ ጮሆ ዝም ባለ ቁጥር ነርሷ ጋ እደውላለሁ፤ እሷም ከሐኪሙ ጋር እየተመካከረች መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጋ፣ ሞርፊኑ ላመጣው የሆድ ድርቀትም መድኃኒት አስጨምራ፣ አባቴ መጀመሪያ እንቅልፍ አገኙ፣ ቀጥሎ በምርኩዝ ደጅ ወጡ፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው አስቀድሰው ተመለሱ። ካንሰሩ አልጠፋም፤ ሕመሙ ግን ተገራ።

አንድ ቀን ስልኩ መጮኹን አልተወም። አነሳሁት። «ልጄ፣ ዛሬስ አሞኛል። ስድስት ይሆናል» አሉ። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ።

«አሞኛል ስልሽ ትስቂያለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

እናንተም ታማሚ ያላችሁ፣ «ደህና ነዎት?» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ፤ እኛ አገር ይህ ሰላምታ ነው፣ መልሱም የታወቀ ነው። «እንቅልፍ ወሰደዎት? ተቀምጠው በሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞርፊን ሲባል አትደንግጡ፤ ያለ ሐኪም ግን አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። ያቺን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ፤ አባቴ ዝም ቢሏትም ሕመማቸውን መስማት አላቆመችም።

አባቴ ሌላ የጤፍ አጨዳ አይተው ዐረፉ። ሲያርፉ እጃቸውን ይዤ ነበር። ሕመም እንዳልነበረባቸው ዐውቃለሁ፤ ቢኖር ይነግሩኝ ነበር።