እጅ አውጡ ያለው ዳኛ

የያዙኝ ከምሠራበት የቡና መፈልፈያ ማሽን ሥር፣ እጄ ግራሶ እንደተቀባ ነው። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ነበር። የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ «ሆን ብለህ ነው የበጠስከው፣ አሻጥረኛ!» ብሎ አሳሰረኝ። የከተቱኝ መስኮት የሌለው የድሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። የጀንፈሉ አቧራ ጉሮሮ ይከረክራል።

ውስጥ ያገኘሁት አንድ የሰቃ ተወላጅ ሽማግሌ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ አንቀላፍተው ነው የታሰሩት። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል።

«ማን ነው የሚፈርድብህ?» አሉኝ።

«ያሳሰረኝ ሰውዬ ራሱ።»

«አስተግፊሩላህ! ከሳሽም እሱ፣ ዳኛም እሱ?»

«ምን ላድርግ አባባ?»

«ኦብሲ ልጄ፣ ታገስ። አልበጠስኩም እያልክ አትሟገተው። ጉዳዬ ጅማ፣ አውራጃ ፍርድ ቤት ይታይልኝ በል። ደግሞ ለጠረጴዛው አይደለም፣ ለሰዉ ዞረህ ተናገር።»

ከእኔ በፊት አሻጥረኛ የተባለው ሰው ከሸንጎው ወጥቶ የት እንደገባ እናቱም አላወቀች። ፈርቼ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተራዬ ሲደርስ ለሰዉ ዞርኩ።

«ከሳሼ ዳኛዬ ሆኗል። ጉዳዬ ወደ ጅማ ይዛወርልኝ።»

ሰብሳቢው ተቆጥቶ ተነሣ። ሊከለክለኝ ነበር፤ ግን የስብሰባ ልማድ አፉን ቀደመው።

«ይህንን ሐሳብ የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

እኛ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ተምረናል? የሚደግፍ ሲባል እጅ ይወጣል። አንዳንዱ ምን እንደተባለ እንኳ አልሰማም። ብዙዎቹ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው ያወጡት። ሐጂማ ከእስረኛ ወንበር ሁለቱንም እጃቸውን ሰቀሉ። ጸሐፊው እንደ ወትሮው «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብሎ አነበበ፤ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ሳይወድ ፈረመበት። የሕዝብ ውሳኔ የተቃወመን ስንቱን ሲያስር ኖሮ፣ አሁን በምን አፉ ይቃወም?

ጅማ ላይ የአውራጃው ዳኛ ከሳሽ ሆኖ የቀረበውን ሰብሳቢ «ቆብህን አውልቅና ቁም» አሉት። አወለቀ፤ ከእኔ እኩል ቆመ። መካኒክ መጥቶ ቺንጋው በእርጅና መበጠሱን መሰከረና በነጻ ተለቀቅሁ።

ሰብሳቢው በር ላይ ጠበቀኝ። «ና ግባ፣ በመኪና ላድርስህ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። በእግሬ እሄዳለሁ።»

እስከ ከተማችን ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ዝናብ መታኝ፣ ጫማዬም ተቀደደ፤ እኔ ግን እየዘፈንኩ ነበር። ዛሬ አርጅቼ በምርኩዝ ነው የምሄደው። ከሄድኩበት መንገድ ሁሉ አንዱን ድገም ብባል፣ ያንን እደግማለሁ።