ቲቸር ቶሎ በሉ

ታላቅ እህቴ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ተማሪዎቿም «ቲቸር ቶሎ በሉ» ይሏታል። ራሷን በስልክ ቀርጻ በምታሳያቸው ቪዲዮ እንኳ ጥያቄ ትጠይቅና፣ በጣቷ እስከ ሦስት ቆጥራ መልሱን ራሷ ትናገራለች።

ትናንት ክፍል ውስጥ፣ መስኮት እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» የምትልበትን የአምናውን ቪዲዮ ከፈተች። የቪዲዮዋ እህቴ ሦስት ቆጠረችና ዝም አለች። እውነተኛዋ እህቴ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ስትጠጋ፣ ያቺኛዋ ዓይኗን ታርገበግባለች። የምታየው ዘንድሮ የመጣችውን፣ ቋንቋችንን የማታውቀውን፣ አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ የማታውቀውን ልጅ ነው።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አለቻት እህቴ ልጅቷን።

የቪዲዮዋ ወደ እህቴ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ልጅቷ ቆይታ፣ ቆይታ፣ «ዊንዶው» አለች በቀስታ።

«ጎበዝ!» አለች የቪዲዮዋ።

እኔ ታናሿ እንኳ፣ ያን ቃል ከእህቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም።