ገዳሪፍ ላይ የሠራነው መንደር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በስልኳ ጌም ስትጫወት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። ወንዝ ዳር ቤት ትሠራለች፣ በረት ታጥራለች፣ ሰው ታሰፍራለች። እሷ ደስ ብሏታል፤ የእኔ ልብ ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሄደ።

ጎረምሳ ሳለሁ ሰሊጥ ልሠራ በገላባት ተሻግሬ ነበር። ኸሪፉ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ሲበረታ ጥቁሩ አፈር ሎሪውን እስከ ወገቡ ይውጠዋል፤ ሥራ ይቆምና ከተማ እንገባለን። ከገበያው ጀርባ አብዱ የሚባል የጎንደር ሰው ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረው። ደጃፉ ላይ ፉል በሰሊጥ ዘይት ስለሚታሽ ክፍሉ ሁሉ ፉል ፉል ይሸት ነበር።

እዚያ ሦስት ሆነን አንድ መንደር ሠራን፤ እኔ፣ የእርሻ ጓደኛዬ ጥላሁን፣ እና ባክሪ የሚባል የገዳሪፍ ተወላጅ። ጨዋታው በድሮ ዘመን በጀልባ ባሕር ተሻግረው ባዕድ አገር ስለሰፈሩ ሰዎች ነው። ጥላሁን ጎጆ ማቆም፣ ቀጥቃጭና ዓሣ አጥማጅ ማስፈር ይወድ ነበር። ለዚያ የሚሆነው እህልና እንጨት የሚገኘው ግን የሌላውን መንደር ወርሮ፣ ጣራውን አንድዶ ነው። ያኔ ጥላሁን መጫወቻውን ለባክሪ ሰጥቶ ይወጣል። ባክሪ በመጥረቢያ ሲፈልጥ፣ ሰዉ ሲጮኽ፣ እሱ ደጅ ቆሞ ዝናቡን ያያል።

አንድ ቀን ለምን እንደሚወጣ ጠየቅሁት።

«የእኛም ቤት እንዲህ ነው የነደደው» አለኝ። «እናቴ ውስጥ ነበረች።»

ባክሪ አማርኛ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወረራ ሲጀምር ድምፁን ያጠፋዋል።

አንድ ዓርብ፣ ከስግደት በኋላ፣ ሽፍቶች ከእኛ በኩል ተሻግረው ገበሬዎች ገደሉ የሚል ወሬ ደረሰ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዱላና ገጀራ የያዘ ሰው የሐበሻ ሱቆችን እየሰበረ መጣ። አብዱ የብረቱን በር ሊዘጋ ሲል ክንዱን በፌሮ መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ባክሪ በሩ ላይ ቆሞ ወንድሞቼ ናቸው፣ ማንን ገደሉ እያለ በዐረብኛ ለመናቸው። ከልጅነቱ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ጭንቅላቱን በዱላ አለው። ወደ ውስጥ ወደቀ። የበሩ ደፍ ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው ቤቱን ለኮሱት።

እኔና ጥላሁን አብዱን ደግፈን በጓሮው መስኮት ወጥተን ነበር። ጥላሁን ባክሪ አለመውጣቱን ሲያይ ተመለሰ። ጣራው እየረገፈ ባክሪን ጎትቶ አወጣው፤ ልብሱ ላይ የተያያዘውን እሳት በባዶ መዳፉ እየመታ። ሻይ የምትሸጥ ጎረቤት፣ ሐጃ ፋጢማ፣ ግቢዋ ደብቃን በሯ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ያሉት ሴቶች ብቻ ናቸው ብላ መለሰቻቸው።

ባክሪ አንድ ዓይኑን አጥቶ ተረፈ። የጥላሁን ጣቶች እንደተጣበቁ ቀሩ። የባክሪ አባት ሆስፒታል መጥተው በፋሻ የተጠቀለሉትን የጥላሁንን እጆች አዩ። አሲዳ የሚሉትን ገንፎ እየቆረሱ ያጎርሱት ጀመር።

«ኩል ያ ወለዲ» አሉት፤ ብላ ልጄ ማለታቸው ነው።

የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ባክሪን ከነልጆቹ በመተማ አሻግሮታል። ጎንደር ቤቱ ያስገባው ጥላሁን ነው። አንድ ክፍል እየጨመሩ እንደሆነ፣ ጭቃውን ባክሪ እንደሚያቦካ በስልክ ነገረኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ያን ቀን ዱላ ከያዙት ውስጥ የአንዱንም ፊት አላስታውስም፤ የአጉራሹን ሽማግሌ ፊት ግን ዛሬም ገበያ መሀል ባገኘው እለየዋለሁ።