ለምለም መጣችልህ

ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ቆሜ ሳለ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ከኋላዬ ገባችና "ለምለም አለ?" አለች። ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት ማለቷ ነው፤ እኛ ዘንድ ስሙ ይኸው ነው። ፋርማሲስቱ ሁለት ፓኬት ሰጣት። እኔ ግን ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ስንት ዓመት ወረርሽኝ ስዘግብ ኖሬ፣ አሁንም ያን ስም ስሰማ በር አያለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ክፍሏ የልጃቸው ነበረች። ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ እዚያው እንደሞተች፣ ስሟም ለምለም እንደነበር የነገረችኝ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ያላት ዘይነባ ናት። እትዬ ራሳቸው ስሟን አይጠሩም፤ "ያቺ ልጅ" ነው የሚሉት። መስኮቱ ለምን እንዲህ ዝቅ ብሎ ተሠራ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ያቺ ልጅ መንገድ ማየት ትወድ ነበር አሉኝ።

ሐምሌ ነበር። ስለ ኮንዶሚኒየም ግንባታ ልዘግብ ጀሞ ሄጄ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሲውጠኝ ውዬ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሽሮ በላሁ፤ ላዩ ላይ ከበርሜል የተቀዳ ውሃ ጠጣሁ። በማግስቱ የገብርኤል ንግሥ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ከላይም ከታችም የሚወጣኝ ሁሉ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ። እኩለ ቀን ላይ ጣቶቼ እንደ ልብስ አጣቢ ጣት ተጨማደዱ፤ ባቴ ይኮማተራል፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ግቢው ባዶ ነው፤ ሁሉም ንግሥ ሄዷል። ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። የቀትርን ጸጥታ ሰው አይወድም፤ ሰይጣን የሚንሸራሸርበት ሰዓት ነው ይባላል። እኔ እንዲህ ያለውን አላምንም ነበር።

ዘይነባ ወደ ሽንት ቤት ስመላለስ አይታኝ ኖሯል። በአጥሩ በኩል ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"ሚኒስትር ሁሉ የምትጠይቅ ልጅ፣ በርሜሉን መጠየቅ አቃተህ?" ብላ ሳቀች። ፊቴን ልብ ብላ ስታይ ሳቋን ተወችውና አንድ ነገር እያጉረመረመች ሄደች።

ገብቼ ተኛሁ። መንቃቴን ይሁን ማለሜን በማላውቅበት ሰዓት ከመስኮቱ ሥር የሴት ድምፅ መጣ።

"አይዞህ። ለምለም መጣችልህ።"

በጤናዬ ብሆን ይገባኝ ነበር። አዲስ አበባ ታክሲውንም መብራቱንም "መጣች" እያለች ታቆላምጣለች። ያን ቀን የገባኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክፍሉ ባለቤት ልትወስደኝ መጥታለች። በእንብርክኬ ሄጄ በሩን ቀረቀርኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። በሩ ተንኳኳ፤ ከዚያ ተደበደበ። ዘይነባ ስሜን እየጠራች "ለምለም ናት፣ ክፈት" ባለች ቁጥር በሩን አጥብቄ ገፋሁት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እትዬ አስካለ ከንግሥ ተመልሰው ግቢ ሲገቡ ሰማሁ። ማን መጣች ነው የምትዪው ብለው ጠየቁ። ዘይነባ ፓኬቱን ሳታቀብላቸው አልቀረችም፤ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ እትዬ ከበሩ ማዶ፣ ከጆሮዬ ትይዩ፣ ቁጭ አሉ።

"ልጄ ሞታለች" አሉ። "ይኼ ዱቄት ነው። እሷን ውሃ ያብስባታል ብዬ ከለከልኳት። ስትለምነኝ ዋለች። አንተ ክፈትና ጠጣ።"

ከፈትኩ።

ዘይነባ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ዱቄቱን በጠበጠችና ጤና ጣቢያ የሚወስደኝ ታክሲ ፍለጋ ሮጠች። እትዬ ጭናቸው ላይ አስደግፈው በማንኪያ ያጠጡኝ ጀመር። የመጀመሪያውን አስመለስኩት። ጥቂት ጠብቀው እንደገና ሰጡኝ፣ ቀስ እያሉ። ውሃው እንባ እንባ ይላል። በየማንኪያው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ይሉ ነበር፤ "ግቢ።" ለወንድ የሚባል ቃል አይደለም፤ ለእኔም አልነበረም።

"ግቢ፣ ለምለም። ግቢ።"

መንገዱ በንግሡ ሕዝብ ተዘግቶ ታክሲው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርስ ትውከቱ ቆሞልኝ፣ ሽንቴም መጥቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ያየኝ ሐኪም፣ ያን ውሃ ባትጠጣ ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታ ብዙ ጽፌአለሁ። የምለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የታመመን ሰው ውሃ አትከልክሉ፣ ለምለሙን በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡ፣ እያጠጣችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱ። ይህ የተረጋገጠ ነው። ያልተረጋገጠ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ አንድ ልጻፍ። እትዬ ሲያጠጡኝ አንድ እጃቸው ብርጭቆውን፣ ሌላው ማንኪያውን ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ፈሳሹ ያለቀበት ሰው ብዙ ነገር ይሰማዋል ብሎኛል ሐኪሙ፤ እውነቱን ይሆናል። ግንባሬ ላይ ግን ትንሽ እርጥብ እጅ ነበር። ውሃው ሆዴ ውስጥ እስኪረጋ ድረስ አልተነሳም።